የባልሰር ሳንቲሜትር

ፕላውንካ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ፌብሩዋሪ 16

ለተከበርሽው፣ ለተወደድሽው፣ ከዓለም በታች ተዘቅዝቀሽ ለምትኖሪው ለእትዬ ሰራይና፤

ጤና ይስጥልኝ ብዬ ልጀምር ነበር። ግን ኒውዚላንድ ውስጥ ሰው ሁሉ በአናቱ ቆሞ ስለሚሄድ ደሙ ወደ ጭንቅላቱ ይወርዳል ብዬ ተውኩት፤ ጤና ከየት ይመጣል? ለማንኛውም ደብዳቤውን ገልብጠሽ ያዢው፣ ያኔ ቀጥ ብሎ ይነበባል። እኔ ኩርዲን ነኝ። ወንድምሽ። ያ በቱማሽ ልጅ ሠርግ ላይ ሾርባው ውስጥ የዕቃ ሳሙና ጨምሮ ሙሽራይቱን አረፋ ያስተፋው። ሌላ ኩርዲን ካለሽ ግራ እንዳይገባሽ ብዬ ነው።

በወረቀት የምጽፍልሽ ወድጄ አይደለም። እጄ ብዕር ሲይዝ እንዴት እንደሚሆን ታውቂያለሽ፤ መምህራችን «ይሄ ጽሕፈት ነው ወይስ ዶሮ የጫረችው?» እያለ ነው ከትምህርት ቤት የሸኘኝ። ግን በስልክ የላክሁልሽን አንዱንም አልከፈትሽም። ፍየሏ የአክስት ሜንጃን የቤተ ክርስቲያን ቆብ የበላችበትን ቪዲዮ እንኳ አልከፈትሽም! አንቺ ድንጋይ ነሽ። አድራሻሽን ያገኘሁት ለገና ለአክስት ሜንጃ ከላክሽላት ካርድ ላይ ነው። እሷ አልሰጠችኝም፤ ካርዱን ከግድግዳው መስቀል ኋላ ሸጉጣው ቅዳሴ ስትሄድ እኔ መስቀሉን ልሳለም ቀረብኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቴ። ዋጋዬን ወዲያው አገኘሁ።

በሥራዬ ልማድ፣ ስለ በረዶው እንደምናገረው ሁሉ፣ በመጀመሪያ የዛሬውን ሁኔታ ላሳውቅሽ። አባዬ፦ ጧት ጠንካራና ግግር፣ እስከ ቀትር አይላላም፣ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አክስት ሜንጃ፦ እርጥብና ከባድ፣ ስምሽ ሲነሳ ትናዳለች። እኔ፦ በጣም ጥሩ፣ በደንብ የተዳመጥኩ። አባዬ ሰሞኑን እንደ አዲስ ዳምጦኛል፤ ለምን እንደሆነ እደርስበታለሁ።

ዘንድሮ በረዶ የለም። ይህን ከእኔ አፍ በየጧቱ ስለሰማሽው አዲስ አይሆንብሽም። (አዎ፣ አውቃለሁ። ቆዪ።) እስከ ገና አንዲት ፍንጣቂ አልጣለም። ከገና በኋላ የጣለው ዝናብ ነው። የታችኛው የበረዶ መንሸራተቻ ሣር ሆኖ የቱማሽ በጎች ገቡበት፤ እኔም በበረዶ ስልኩ ላይ «የታችኛው መስመር ክፍት ነው፣ ለበጎች ብቻ፣ ጀማሪዎች በግራ በኩል ይጋጡ» ብዬ ተናገርኩ። ሸለቆው ሁሉ ሳቀ። አባዬ አልሳቀም። ተንሸራታቾችን ሽቅብ የሚጎትተው መጎተቻ ቆሞ፣ መንጠልጠያዎቹ በነፋስ እየተጋጩ ሲንኳኩ ከቤታችን ይሰማሉ፤ አባዬ ያን ሲሰማ ራዲዮኑን ከፍ ያደርገዋል።

አንቺ ከሄድሽ ወዲህ የበረዶ ስልኩ ድምፅ እኔ ነበርኩ። አንቺ ታደርጊ እንደነበረው ጧት የበረዶውን ጥልቀት የሚለካውን ዘንግ አንብቤ፣ ከራዲዮ ትንበያውን ሰምቼ፣ ድምፄን ለሚቀዳው ማሽን እናገር ነበር፤ የደወለ ሁሉ ያንን ይሰማል። ልዩነቱ አንቺ ስትናገሪ ሰው እንቅልፍ ይወስደው ነበር። እኔ አንድ ቀን በአባ ፕላሲ ድምፅ፣ አንድ ቀን በአክስት ሜንጃ ድምፅ፣ አንድ ቀን ደግሞ በበጉ ድምፅ ነበር የምናገረው። ሰው ሁሉ በኪሱ ትንበያ ይዞ ይዞራል፣ ግን ያ ትንበያ ተራራችንን አያውቀውም፤ ፀሐይ ሲል ጉም፣ ዝናብ ሲል በረዶ ነው። ስለዚህ ዛሬም ይደውላሉ። መንሸራተት የተዉ አሮጊቶች ሳይቀሩ ይደውላሉ።

ማሽኑ የደወለውን ሰው ቁጥር በትንሿ መስኮቱ እንደሚያሳይ ታውቂ ነበር? አታውቂም። ብታውቂ ኖሮ ቁጥርሽን ትደብቂ ነበር። የአክስት ሜንጃ ቁጥር አለ፣ የቱማሽ አለ፣ የታች ሰፈር ሆቴል አለ፤ ከዚያ አንድ ረጅም ቁጥር አለ። ከመርዘሙ የተነሳ መስኮቱ አይበቃውም፣ ጅራቱ ይቆረጣል። እኔ ቀድቼ ስጨርስ ይደውል፣ እስከ መጨረሻው ያዳምጥ፣ ይዘጋ ነበር። በየቀኑ። እንግዲህ በዚያ አገር አሁን ፀሐይ ነው፣ ሰው በነጠላ ጫማ ነው የሚሄደው፤ ፕላውንካ ላይ ስንት ጣለ ብሎ የሚጠይቅ ምን ዓይነት እብድ ነው? አልገመትኩም። ለማንም አልተናገርኩም። ለአባዬም አልነገርኩም። ግን ያ መነጽሩን ቀኑን ሙሉ ሲፈልግ የሚውል ሰው አሁን መነጽሩ የሚያድረው ከማሽኑ አጠገብ ነው። መስኮቷንም በእጅጌው ይወለውላታል። አቧራ የለባትም፣ አይቻታለሁ።

ስለ ኖቬምበር ምንም እንዳልጽፍልሽ አባዬ በእናታችን መቃብር አስምሎኛል። ስለዚህ አልጽፍም። ስለ ራሴ ግን መጻፍ አልተከለከልኩም። በኖቬምበር ቤቱን ለብቻዬ ይዤ ሰነበትኩ፤ ድንች ማቃጠል ተማርኩ፤ ወደ ከተማ የሚሄደው አውቶቡስ ሹፌር ከመመላለሴ የተነሳ ወዳጄ ሆነ። አንድ ትልቅ ነጭ ሕንፃ ውስጥ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የቆመ የመጠጥ ማሽን በግራ ጎኑ በጡጫ ሲሉት በነፃ እንደሚሰጥ ደረስኩበት። ሦስተኛ ፎቅ ምን ልታደርግ ወጣህ ብለሽ እንዳትጠይቂኝ። ምያለሁ።

አሁን ወደ ዘንጉ። አንቺና አባዬ በተጣላችሁ ቀን አንቺም ትጮኺ ነበር፣ እሱም ይጮህ ነበር፤ ስለዚህ ማን ምን እንዳለ አጥርቶ የሰማው ድንቹን እየላጠ የተቀመጠው ሰው ነው። እኔ። ስለዚህ ላስታውስሽ።

አንቺ ያልሽው ይህ ነው፦ «ሰውዬው መቶ ሲባል መቶ መሰለው። ከእኔ አፍ ነው የሰማው። ልጁን ይዞ ከመስመሩ ጎን ወጣ፤ ሥሩ ድንጋይ ነበር። ልጁን በበረዶ ጋሪ ያወረድኩት እኔ ነኝ፤ እግሩ የዞረው ወደ ኋላ ነበር።»

አባዬ ያለው ይህ ነው፦ «ሰው ሁሉ ግማሹን እንደሚቀንስ ያውቃል!»

አንቺ፦ «እሱ እንግዳ ነው፣ አያውቅም ነበር!»

ይኸው ነው። ሌላው ሁሉ ጩኸት ነበር። አያታችን ዘንጉን ከላይኛው ጣቢያ ኋላ ጎድጓዳው ውስጥ ከተከለበት ቀን ጀምሮ ነፋስ በረዶውን እየጠረገ እዚያ ይሞላዋል፤ ሜዳው ላይ ጉልበት ሲደርስ ዘንጉ ጋ ወገብ ያልፋል። ሸለቆው ይህን ከእናት ጡት ጋር ነው የጠጣው። በአባዬ ስም የባልሰር ሳንቲሜትር ይሉታል፤ መቶ ሲባል ሃምሳ ነው፣ ማንም ተታለልኩ አይልም። አንቺ ሌላ ዘንግ ቀይ ቀብተሽ ሜዳው ላይ ተከልሽ፤ አባዬ ነቀለው። «ቀጥ ብሎ የሚለካበት አገር ካለ ሂጂና እዚያ ለኪ» አለ። አንቺም እስከ ዓለም ታች ድረስ ሄድሽ። እሱ እኮ የታች ሰፈር ድረስ መስሎት ነበር።

ከዚያ ወዲህ ስምሽ ቤት ውስጥ አይጠራም። ወንበርሽ ላይ ግን ማንም አይቀመጥም፤ ፍየሏ አንድ ቀን ወጥታበት አባዬ በዓይኑ ብቻ አወረዳት።

አሁን ወደ እኔ ጥፋት እንምጣ፤ ጥፋት ከተባለ። በጃንዋሪ መጨረሻ ራዲዮኑ «እስከ ተራራው ጫፍ ዝናብ» አለ። አክስት ሜንጃ ጉልበቷን ይዛ «በረዶ ነው» አለች። አባዬ በሩን ከፍቶ አፍንጫውን ወደ ውጭ አወጣ፣ አሸተተ፣ አካፋውን ከመጋዘን አምጥቶ በሩ ሥር አቆመው። ሲነጋ ጣለ። ዓርብን ቀኑን ሙሉ ጣለ። አቤት አጣጣሉ! ዝም ያለ፣ ደረቅ፣ እንደ ዱቄት የሚነፋ። አክስት ሜንጃ መስኮቱ ላይ ቆማ አለቀሰች፤ እርጥብና ከባድ ናት ብዬሽ የለ።

የመንሸራተቻው ማኅበር የመጎተቻውን ነገር የሚቆርጠው በዚህ ዓመት እንደሆነ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ከታች አገር የመጡ ሰዎች ሽቦውንና ምሰሶዎቹን ነቅለው ለመውሰድ ሁለት ጊዜ መጥተው አይተዋል። አንድ የሞላ ቅዳሜና እሑድ ቢገኝ፣ ተራራው በሰው ቢጠቁር፣ ሰው ይነቀል ብሎ እጁን ለማውጣት ያፍራል ብሎ አባዬ ያስብ ነበር። አፍ አውጥቶ አልተናገረውም። ግን የትኬት መስኮቱን በአሮጌ ጋዜጣ ሲያጸዳ አየሁት፤ እያፏጨ ነበር። አባዬ! እያፏጨ!

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ አባዬ ራሱ መውጣት ስለማይችል (ለምን እንደማይችል፣ ምያለሁ) እኔ ከሹፌሩ ከክላው ጋር በበረዶ መዳመጫው መኪና ወጣሁ። ጎድጓዳው ጋ ስንደርስ ዘንጉ የለም። ነፋሱ ከነጫፉ ውጦታል። ምን ልበል? «ዘንጉ ተበልቷል» ልበል? ወዲያ ወዲህ ስል ከጣቢያው ግድግዳ ሥር ያንቺ ዘንግ ተጋድሞ አየሁት። ቀዩ። አንቺ ስምሽን የቀረጽሽበት፣ እኔ ደግሞ ከስምሽ ሥር አህያ የሳልኩበት። አነሳሁት። ሄጄ አንቺ ተክለሽው ከነበረው ሜዳ ላይ ወጋሁት፤ ወርዶ ወርዶ መሬቱን ሲነካ በእጄ ተሰማኝ። ዘጠና።

ክላው ከመኪናው አንገቱን አውጥቶ «ምን እየሠራህ ነው አንተ ጉድ?» አለኝ።

«እየለካሁ።»

«አንተ?» አለና ሳቀ። «ዛሬ ደግሞ በማን ልትጫወት ነው?»

ወርጄ ለማሽኑ ተናገርኩ። «ፕላውንካ፣ ላይኛው ጣቢያ፣ ዘጠና ሳንቲሜትር። አዲስ፣ ደረቅ። መስመሮች ሁሉ ክፍት ናቸው። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ማታ ሞቃት ነፋስ ሊነሳ ይችላል።» በቃ። ቀልድ አልጨመርኩም፣ አንድ እንኳ። በራሴ ድምፅ ነበር የተናገርኩት። ጅራቱ የተቆረጠው ቁጥር እንዲሰማው ፈልጌ ነበር፤ ደውሎ ሰማ፣ ዘጋ። ያን ቀን ትንሽ ቆይተሽ ነው የዘጋሽው። አይቻለሁ።

ከዚያ ሰው ጠበቅን።

ሰራይና፣ እንደዚያ ያለ ቀን ልጅ ሆነን እንኳ አላየሁም። ተራራው ከላይ እስከ ታች ነጭ፣ አንድ ሰው ያልረገጠው። መጎተቻው ባዶ መንጠልጠያዎቹን ሽቅብ እየወሰደ ቁልቁል እየመለሰ ዋለ። አባዬ በመጎተቻው ጎጆ ውስጥ እጁን ከማንሻው ላይ ሳያነሳ ተቀምጧል። አባ ፕላሲ ብቻ መጣ፤ እሱ ስልክ አይደውልም፣ የሚነገረው ከላይ ነው። መንገድ የሳቱ ባልና ሚስት መጥተው ሽንት ቤት ጠየቁ። ቀትር ላይ አባዬ ወደ እኔ ዞሮ «የሞተ ሰው አለ እንዴ?» አለኝ። ሸለቆው ለቀብር የወጣ መስሎት።

ሮጬ ወደ ቱማሽ መጠጥ ቤት ወረድኩ። ሞልቷል! ሁሉም እዚያ ናቸው፣ ካርታ ይጫወታሉ፣ የገብስ ሾርባ ይጠጣሉ።

«ምነው?» አልኩት ቱማሽን። «ምን ሆናችሁ? ለምን አትወጡም?»

«በአርባ አምስት ላይ? አምና የላይኛው ድንጋይ ስኪዬን በልቶታል። ሁለተኛውን አልመግበውም።»

«ዘጠና ነው ያልኩት!»

«ሰምቻለሁ። ዘጠና የባልሰር አርባ አምስት ነው።»

«እውነተኛ ዘጠና ነው ቱማሽ! ሜዳው ላይ ነው የለካሁት!»

ቱማሽ ካርታውን አስቀመጠ። ፊቱ ቀላ። «ታዲያ ለምን መቶ ሰማንያ አላልክም?» ብሎ ጮኸብኝ። «አንተ ልጅ፣ እንደ ሰው ዋሽ እንጂ! አንተ እውነት ከተናገርክ እኛ እውነቱን በምን እንወቅ?»

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ ልማድ ሆኖብኝ። ከዚያ «እምላለሁ፣ በሞቴ፣ ውጡና እዩ» ብዬ ለመንኳቸው። ማን ያምነኛል? ከኋላ አንዱ «ሾርባዬን እየው፣ አረፋ አለው?» አለ። እንደገና ሳቁ። ቱማሽ ብቻ ወጥቶ በረንዳው ላይ ቆመ፣ ተራራውን አየ፣ ኮፍያውን አወለቀ። ያኔ ግን ፀሐይዋ ወደ ጥግ ሄዳ ነበር። ማታውን የደቡቡ ነፋስ መጣ። እሑድ ሰው ሁሉ ስኪውን ተሸክሞ ሲደርስ በረዶው ቀልጦ ከጣሪያው እንደ ቧንቧ ይወርድ ነበር፤ ሰኞ በጎቹ ተመለሱ።

ሰኞ ጧት አባዬ ማንኪያውን ይዞ ሾርባውን አልነካም። ሲቆጣ እንደሚጮኽ ታውቂያለሽ። አልጮኸም።

«በዚህ ቤት ቀልድ ከልክዬህ አላውቅም» አለኝ። «የሠርጉንም ሾርባ ችያለሁ። በዚህ ቀን ግን ትቀልድብኛለህ አላልኩም ነበር።»

«አልቀለድኩም፣ አባዬ። ለካሁ።»

«የት?»

«ሜዳው ላይ። ያንተ ዘንግ ተቀብሯል።»

«በምን ለካህ?»

«በሰራይና ዘንግ።»

እትዬ፣ ስምሽ እዚህ ቤት ውስጥ ከዚያ ጥል ወዲህ ሲጠራ የመጀመሪያው ነበር። ዱላ ጠበቅኩ። አባዬ ማንኪያውን አስቀመጠ።

«ቆሟል?» አለኝ።

«ምኑ?»

«ዘንጉ። አሁንም እዚያ ቆሟል?»

«ቆሟል።»

ከዚያ ግን አልተረፍኩም፤ ሰኞን ሙሉ ዳመጠኝ፣ ቅዳሜን ስላበላሸሁበት፣ አስቀድሜ ስላልነገርኩት፣ ስለ ሾርባውም ጭምር። እኔም ዝም አልኩ። ዝም ስል አይተሽኝ ታውቂያለሽ?

በማግስቱ ክላውን ጠርቶ በመዳመጫው መኪና ወጣ። በምርኩዙ። ሐኪሙ… አይ፣ ስለ ሐኪም አልጽፍም፣ ምያለሁ። የሆነውን ክላው ነው የነገረኝ። አባዬ ሜዳው ላይ ወርዶ ዘንግሽን በሁለት እጁ ያዘው፤ አነቃነቀው፣ እንደማይወድቅ አየ። ስምሽ ላይ አውራ ጣቱን አሳለፈ። «ይሄ አህያ ምንድን ነው?» አለ። ክላው «ኩርዲን ነው» ሲለው «ይመስላል» አለ። ከዚያ ጎድጓዳው ጋ ሄደው የራሱን ዘንግ አስቆፈረ። ራሱ በትከሻው ይዞት ገባ። አሁን ከወጥ ቤቱ በር ኋላ ቆሟል፤ አክስት ሜንጃ የባቄላዬ ሐረግ ይጠምጠምበት እያለች ትለምነዋለች።

ረቡዕ ጧት ከማሽኑ ፊት አስነሳኝ። «ውጣ» አለኝ። በሩን ከውስጥ ዘጋው። እኔ ምን አደርጋለሁ? ወደ አክስት ሜንጃ ቤት ሮጬ እንደ ማንኛውም ደንበኛ ደወልኩ። አባዬ ነው። ፍርድ እንደሚያነብ ሰው ነው የሚናገረው፦

«ፕላውንካ። ላይኛው ጣቢያ፣ ሜዳው ላይ የተለካ፣ ሃያ ሁለት ሳንቲሜትር። ከዛሬ ጀምሮ ማንም ግማሹን እንዳይቀንስ። የታችኛው መስመር ሣር ነው። መጎተቻው ዝግ ነው። እስከ ሳምንቱ መጨረሻ በረዶ አይጠበቅም።»

አለቀ ብዬ ልዘጋ ነበር። አክስት ሜንጃ እጄን ያዘችኝ። ትንፋሹ ይሰማል። ረጅም ጊዜ ትንፋሹ ብቻ። ከዚያ፦

«መንገዱ ክፍት ነው። እስከ ቤታችን በር ድረስ። የጎማ ሰንሰለት አያስፈልግም።»

እንግዲህ መጎተቻው ከተዘጋ የመንገዱን ነገር ማን ጠየቀው?

ሮጬ ተመለስኩ፣ የማሽኑን መስኮት አየሁ። ደውለሻል። ግን «ፕላውንካ» ብሎ ሳይጨርስ ዘግተሻል። ድምፁን ስትሰሚ ነው የዘጋሽው። ማሽኑ ስንት እንደቆየሽም ያሳያል፣ ይህንንም ስለማታውቂ ነግሬሻለሁ። አባዬ መነጽሩን አድርጎ እዚያው ቆሞ ነበር። መስኮቷን በእጅጌው ወለወላት።

ከዚያ ወዲህ ረጅሙ ቁጥር አልደወለም። አባዬ ግን በየጧቱ ያችኑ ይደግማታል፤ ሳንቲሜትሩ ይቀየራል፣ ሣሩ ይቀየራል፣ መንገዱ አይቀየርም። አንቺ ከልብሽ የተቀየምሽው ሰው በየጧቱ ወደ ደጃችን የሚወጣውን መንገድ በመጥረጊያ ይጠርጋል። በረዶ የለም እኮ! የሌለ በረዶ ነው የሚጠርገው። አባ ፕላሲ ሲያልፍ «ምን ትጠርጋለህ፣ ባልሰር?» ሲለው «ሊጥል ይችላል» አለው። እኔ መጥረጊያውን ደብቄበት ነበር፤ በእግሩ ሲገፋ አይቼ መለስኩለት።

ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ ማኅበሩ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ተሰበሰበ። ለዚህ ነው የምጽፍልሽ፤ ከዚያ እንደመጣሁ ተቀመጥኩ፣ ጫማዬን አላወለቅኩም። ሊቀመንበሩ ቱማሽ ነው። መጎተቻው ይነቀል የምትሉ እጃችሁን አውጡ አለ። እጅ ቀስ እያለ ወጣ፤ ሰው መጀመሪያ ጎረቤቱን ያያል፣ ከዚያ አባዬን ያያል፣ ከዚያ መሬት መሬቱን እያየ ያወጣል። መቁጠር አላስፈለገም። በማርች መጨረሻ ይነቀላል።

ሁላችንም አባዬ ይጮሃል ብለን ጠበቅን። እኔ በበኩሌ ወንበሩን እንዳያነሳ እግሬን ከሥሩ አስገብቼ ነበር። ተነሳ፤ ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ።

«አንድ ነገር ልጠይቅ» አለ። «የበረዶ ስልኩን አትቁረጡት።»

«መጎተቻ ሳይኖር?» አለ ቱማሽ። በክፋት አልነበረም። «ባልሰር፣ ወንድሜ፣ ምን ልታወራበት ነው? ሣሩን?»

«መንገዱን» አለ አባዬ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ባልሰር በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀለደ ብለው ነው። ከኋላ አጨበጨቡ። ከሁሉ ጋር ያልሳቀው አንድ ሰው ነበር፤ እኔ። በዚህ አዳራሽ፣ በፈተና ቀን፣ በእናታችን ተዝካር ቀን እንኳ የሳቅኩት እኔ። ቱማሽ ዘወር ብሎ አየኝ። እኔ አለመሳቄን ሲያይ የሱም ሳቅ ቆመ። ቀስ ብሎ እጁን አወጣ። ከዚያ ሌሎቹ አወጡ። እስከ ፋሲካ ስልኩ ይቆያል።

እስከ ፋሲካ፣ ሰራይና። ከዚያ በኋላ የደወለ ሰው የሚሰማው የተቆረጠ ስልክ ጩኸት ብቻ ነው።

እኔ ነይ አልልሽም። እኔ የምለውን ማን ይሰማል? ይቅር በይውም አላልኩሽም፤ እሱም አላለም፣ ቃሉን የሚያውቀው አይመስለኝም። የዚያ ልጅ እግርም በመንገድ መጥረግ አይመለስም፤ ይህን እኔም አውቃለሁ፣ አባዬም አውቆታል፤ ጎድጓዳው ውስጥ አሁን ዘንግ የለም። የምለምንሽ አንዲት ነገር ነው፦ ደውዪና አትዝጊ። «ፕላውንካ» ሲል ጥርስሽን ንከሺ። ሳንቲሜትሩ ይለፍ፣ ሣሩ ይለፍ፣ ትንበያው ይለፍ። ትንፋሹ ጋ ስትደርሺ ጠብቂ። ረጅም ነው፣ የተበላሸ ይመስላል፤ አልተበላሸም።

ስትደውዪ ደግሞ ማንም የማያውቅ እንዳይመስልሽ። መስኮቷ ንጹሕ ናት።

ይህን ደብዳቤ እንደጻፍኩልሽ ለአባዬ አልነግረውም። አክስት ሜንጃ ግን አሁን ከኋላዬ ቆማ እያነበበች ነው፤ «ስለ ካርዱ ያለውን ሰርዝልኝ» ትላለች፤ አልሰርዝም። ሹራብ ሠርታልሻለች፤ እጅጌው አንዱ ከሌላው ይረዝማል፤ ተዘቅዝቀሽ ስትለብሺው እኩል ይሆናል ብዬ አጽናንቻታለሁ።

እግዚአብሔር ያለሽበት አገር መሬቱን ያጽናልሽ፤ ከእግርሽ ሥር ድንጋይ ቢኖር አስቀድሞ ያሳይሽ። እናታችን ካለችበት ሆና በአንድ ዓይኗ አንቺን፣ በአንዱ እኔን ትይ፤ እኔን ስታይ ብዙ አትደንግጥ። የምትበዪው ይጣፍጥሽ፣ እንቅልፍሽ ይለስልስልሽ፣ ስልክሽ ባትሪ አይለቅብሽ።

ወንድምሽ ኩርዲን፣ የቀድሞው የበረዶ ድምፅ፣ የአሁኑ ዘንግ ጠባቂ፣ ከስምሽ ሥር የቆመው አህያ

የነገ ሁኔታ፦ በረዶ አይጠበቅም። አባዬ፣ ከቀትር በኋላ በመጠኑ የላላ። መንገዱ እስከ በራችን ክፍት ነው፤ አሁን ወጥቼ በእግሬ ሄጄበት አይቻለሁ። ቀልድ አይደለም። ግማሹን አትቀንሺ።